ጥቁሩን አስቀድሚ

አሥራ ሁለት ቀለም ገዝቼ በዱቤ፣
ሐሙስን ልሥላት፣ ሂርማታን አስቤ፣
ቲማቲሙን በቀይ፣ ጎመኑን ባረንጓዴ፣
ሁሉን በየመልኩ፣ ሁሉን በየዘዴ፣
ሸራዬን ታቅፌ ነዚፍ ደጅ ቆምኩና
"ከየት ልጀምረው?" አልኩት በትሕትና።

ነዚፍ ታፔላ ጸሐፊ ነው።
የፈረንጅ አራዳው ዳቦ ቤት፣ የቆዳው መደብር፣
የጥርስ ሐኪሙ ሳቅ፣ የጸጉር ቤቱ ከንፈር፣
ግማሹ የእሱ እጅ ነው።

ቀና ብሎ ሳያየኝ
ቀለሞቼን ተቀበለኝ፤
በጣቱ ዳሰሰና ቆጠረ፣ ካርቶኑን ዘጋ፣
ባለሦስት እግር በርጩማው ሥር አስጠጋ፣
ተቀመጠበት።
"ይኼ በርበሬ ነው፤ ወጡ ሳይጣድ
በርበሬ የሚልስ አየሁ እንግዲህ፣ ወይ ጉድ!"

ከሲሚንቶ ከረጢት መዳፍ የምታህል ቀደደና፣
ከሰል በግራ እጄ፣ ኖራ በቀኜ አኖረና፣
"ሦስት ብቻ" አለኝ። "ጥቁር። ነጭ።
የወረቀቱ ቡኒ። እሱን አትንኪው፤ በነጻ ያገኘሽው ነው።"

ወጣን። ዝናቡ ገና ማቆሙ ነበር።
"ዓይንሽን ጨፈን አድርጊ፣ ፀሐይ እንደመታት ድመት፣
ሽፋሽፍትሽ ሊነካካ ሲል አቁሚው፣ እዚያች ላይ፣ ጥቂት።
ምን ቀረ?"

ቲማቲሙ ጠፋ። ጎመኑ ጠፋ።
የሻሹ አበባ፣ የቃሪያው ቁና፣
በጣት የሚቆጠረው ብር፣ የሻጯ ቁጣ፣
ሁሉም ከዓይኔ ወጣ።
አንድ ትልቅ ጥቁር ብቻ ተጋደመ፣
የበረንዳው ጥላ፣ ከነሰዉ ከነከረጢቱ አንድ ላይ የታተመ፤
ከዚያ ማዶ ሰማይ፣ ቆርቆሮ፣ ርጥብ ጭቃ፣
አንድ ነጭ፣ አንድ ላይ የነቃ።

"አየሽ? ጥላ አጥር አያውቅም።
ሰውየውን ከአህያው፣ አህያውን ከግንቡ አይለይም።
አንቺም አትለያዪ።"

የመጀመሪያዋን ሣልኩ፤ ጥቁር ለግማሽ፣ ነጭ ለግማሽ።
ወረቀቷን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ "ወይ ያንቺ ነገር!" አለ።
"ውርስ ነው እንዴ እኩል የምትካፈይው?
ወንድማማች ተስማምተው ከተኙበት ቤት
ማን ይቆማል ከደጁ፣ ማንስ ይሰማል ጩኸት?
አንዱ ይጥገብ። አንዱ ይለምን።"

በሁለተኛዋ ጥቁሩን አጠገብኩ።
በበረንዳው ጥላ ውስጥ አንድ ተሸካሚ ያልፍ ነበር፣
በራሱ ላይ የእናሜል ሳፋ፣ ነጭ፣ ዝናብ የጠጣ።
እሱን መሐል ላይ አስቀመጥኩ።
"አንሺው ከዚያ። መሐል የዳኛ ወንበር ነው፤ ይሄ ልጅ መንገደኛ።"
በአውራ ጣቱ ከሰሉን ገፋ፣ ኖራውን ወደ ቀኝ ሳበ፣
ከጠርዙ ሁለት ጣት ሲቀረው ተወው።
ሳፋው መሄድ ጀመረ።

አንዲት ሴት ፊት ለፊቱ ቆመች።
ፈገግ ብላ ጠበቀችው።
እሱ በትከሻዋ በኩል ጥላውን ያያል።
"ነዚፍ፣ አካም ጅርታ?" ስትል ነው
"አንቺ! ረውዳ!" ብሎ እጇን የፈለገው፣
አየር ላይ፣ ትንሽ ወደ ግራ።

ከሄደች በኋላ ሳልጠይቀው
"ሞራ ነው" አለኝ። "ሦስት ዓመቱ።
አንቺ ጨፍነሽ የምትደርሺበት፣
እኔ ገልጬም እዚያው ነኝ።"
"ታፔላውስ?"
"ፊደል ምን አለው? ጥቁር ነው በነጭ ላይ፤ እጄ ያውቀዋል።
የከዳኝ የሰው ፊት ነው።"

ማታ ካርቶኑን መለሰልኝ። ቤቴ ገብቼ ብቆጥር አሥራ አንድ።
ቢጫው የለም። አልጠየቅኩም።

ሸራው እስከ ዛሬ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡኒ ነው።
ያዘዘኝ ባለሆቴል "መቼ ነው ቀለም የሚቀባው?" ይለኛል፤
አንድ ቀን "ጥላው ውስጥ ማን አለ?" ብሎም ጠየቀኝ።
ረውዳ፣ አልኩት። የማያውቃት ሰው ነው።

ደግሞ በቀደም፣ በፈረንጅ አራዳ ሳልፍ፣
አዲስ የተሰቀለ የዳቦ ቤት ታፔላ አየሁ፣
ጥቁር መደብ፣ ነጭ ፊደል፣
በዙሪያው ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ቢጫ።
መንገድ ተሻግሬ ቆምኩ።
ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ፣ ሽፋሽፍቴ እስኪነካካ።
ፊደሉ ሄደ። ዳቦው ሄደ።
ክሩ ይታያል።